«ጋዝ ሙላልኝ» ከማለትዎ በፊት

ሐምሌ አዲስ አበባ ላይ የዝናብና የጋቢ ወር ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በዋሽንግተን ዲሲ ለሚኖረው ወገናችን ግን ሸሚዝ ጀርባ ላይ የሚጣበቅበት፣ ሌሊቱም የሚያፍንበት ጊዜ ነው። ድሬዳዋ ያደገ ሰው «ሙቀት እኔን አያስፈራኝም» ይል ይሆናል። የድሬዳዋ ሙቀት ግን በአብዛኛው ደረቅ ነው፤ ላብ ቶሎ ይተናል፣ ሰውነትም ይቀዘቅዛል። የዚህኛው አካባቢ ሙቀት ግን ከውሃ ጋር ተደባልቆ ይመጣል። የአየሩ ሙቀት 90 ዲግሪ ፋራናይት (32 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) ሆኖ እርጥበቱ 70 በመቶ ከደረሰ፣ ሰውነት የሚሰማው 105 ዲግሪ ፋራናይት ያህል ነው። በእንዲህ ያለ ሳምንት የቤት ኤሲ ሲበላሽ ሰው ይደናገጣል፤ የተደናገጠ ሰው ደግሞ ሳይጠይቅ ይከፍላል። ስለዚህ ዛሬ ቀስ ብለን ደረጃ በደረጃ እንሄዳለን። መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ፣ ባለሙያ ከመጥራታችን በፊት ምን እንደምናይ፣ ባለሙያው ሲመጣም ምን እንደምንጠይቀው እንማራለን።

ከመሣሪያው እንጀምር። መርፌ ከመወጋትዎ በፊት ነርሷ ክንድዎን በአልኮል ስትጠርግ የሚሰማዎትን ቅዝቃዜ ያስታውሱ። አልኮሉ ከፍሪጅ አልወጣም፤ ሲተን ግን ከቆዳዎ ሙቀት ይወስዳል። ፈሳሽ ሲተን ሙቀት ይስባል፤ ትነት ተመልሶ ፈሳሽ ሲሆን ያንኑ ሙቀት ይለቃል። ኤሲ የሚሠራው በዚህ ሕግ ነው። ማቀዝቀዣው ጋዝ ቤት ውስጥ ባለው ጥቅልል ቱቦ ወይም ኮይል ውስጥ ሲተን የቤቱን ሙቀት ይወስዳል። ውጭ ባለው ትልቅ ሳጥን ውስጥ ያለው ኮምፕረሰር ትነቱን ይጨምቀዋል፤ ትነቱ ሲጨመቅ ይግላል። ከዚያም በውጭው ኮይል ሲያልፍ ሙቀቱን ለደጁ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ግፊቱ ሲወርድ እንደገና ይቀዘቅዛል፤ ዙሩም ይቀጥላል። እንግዲህ ኤሲ ቅዝቃዜ አያመርትም፤ የቤቱን ሙቀት ተሸክሞ ደጅ ላይ ያፈሳል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ፤ በኋላ ገንዘብዎን የሚያድኑት እነዚህ ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ጋዙ የሚዞረው በታሸገ ቱቦ ውስጥ ነው። አይነድም፣ አይበላም፣ በሥራ ብዛት አያልቅም። ቱቦው እስካልተቀደደ ድረስ ፋብሪካ ላይና ሲተከል የተሞላው ጋዝ መሣሪያው እስኪጣል ይቆያል። ጎደለ ከተባለ፣ ወይ ሲተከል በልኩ አልተሞላም፣ ወይ አንድ ቦታ ያፈስሳል፤ ሌላ መንገድ የለም።

ሁለተኛው፣ የውስጡ ኮይል 40 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢ ድረስ ይቀዘቅዛል። እርጥብ አየር ሲነካው ውሃው ኮይሉ ላይ ጤዛ ሆኖ ይይዝና ሥሩ ወዳለው ትሪ ይንጠባጠባል፤ ከትሪው በፕላስቲክ ቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል። በወበቃማ ቀን ከአንድ ቤት የሚወጣው ውሃ ከ20 ሊትር ሊበልጥ ይችላል። ይህ ውሃ ማውጣት ተጨማሪ ጸጋ እንዳይመስልዎ። ዊሊስ ካሪየር በ1902 የመጀመሪያውን ዘመናዊ ኤሲ የነደፈው ሰው እንዲመቸው ብሎ አልነበረም። ብሩክሊን ውስጥ በነበረ ማተሚያ ቤት ወረቀቱ እርጥበት እየጠጣ ይለጠጥ፣ ቀለማቱም ቦታቸውን ይስቱ ስለነበር አየሩን ለማድረቅ ነው። ኤሲዎ ዛሬም ሁለት ሥራ አለው፤ ያቀዘቅዛል፣ ያደርቃልም።

አሁን ቤቱ ሞቀ እንበል። ስልክ ከማንሳትዎ በፊት የሚያዩዋቸው ነገሮች አሉ፤ አንዳቸውም የባለሙያ መሣሪያ አይጠይቁም።

በቴርሞስታቱ ይጀምሩ። «ኩል» ላይ መሆኑን፣ ባትሪ ካለውም አለማለቁን ይመልከቱ። የፋኑ ምርጫ «ኦን» ሳይሆን «ኦቶ» ላይ ይሁን። «ኦን» ላይ ከሆነ ኮምፕረሰሩ ሲቆም እንኳ ፋኑ ይነፍሳል፤ ኮይሉ ላይ የተያዘውን ውሃ እንደገና ወደ ቤቱ አየር ይመልሰዋል። ቤቱ ቀዝቅዞ ግን እርጥበቱ ሲያስቸግርዎ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህች ትንሽ ቁልፍ ናት። ሌላም ልማድ አለ፤ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ብሎ ቴርሞስታቱን 60 ላይ መስቀል። በአብዛኞቹ ቤቶች ያለው ማሽን አቅሙ አንድ ነው፤ 74 ላይ ቢያደርጉትም 60 ላይ ቢያደርጉትም በዚያው ፍጥነት ነው የሚሠራው። ልዩነቱ 60 ላይ ያለማቋረጥ መሥራቱ ነው፤ ይህም ኮይሉ በረዶ እንዲይዝ መንገድ ሊከፍት ይችላል።

ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ብሬከር ሳጥኑን ይክፈቱ። የውጭውና የውስጡ ክፍል ብዙ ጊዜ የየራሳቸው ብሬከር አላቸው። የወደቀ ካለ ሙሉ በሙሉ አጥፍተው አንድ ጊዜ ብቻ ይመልሱት። እንደገና ከወደቀ እጅዎን ይሰብስቡ። ብሬከር የሚወድቀው አደጋ ስላየ ነው፤ ደጋግሞ መመለስ ኮምፕረሰር ያቃጥላል፣ ሲብስም ቤት ያቃጥላል።

ከዚያ ፊልተሩን ያውጡ። ወደ ብርሃን አንሥተው ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ይቀይሩት፤ በሚሠራበት ወቅት ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መቀየር ያለበት ነገር ነው። ጠርዙ ላይ ያለው ቀስት አየሩ ወደ ማሽኑ የሚሄድበትን አቅጣጫ ያሳያል። ይህን ቀላል ነገር ለምን እንዳስቀደምኩ ላስረዳ። ፊልተር ሲደፈን በኮይሉ ላይ የሚያልፈው ሞቃት አየር ይቀንሳል፤ ኮይሉ ከመጠን በላይ ይቀዘቅዛል፤ የያዘው ጤዛ በረዶ ይሆናል፤ በረዶው ደግሞ የቀረውን አየር ይዘጋል። ጋዝ ሲጎድልም ኮይሉ በረዶ ይይዛል። ምልክቱ አንድ፣ በሽታው ሁለት ነው። ፊልተሩን ሳያይ «ጋዝ ጎድሏል» የሚል ጠጋኝ ትኩሳት አይቶ ደም ሳይመረምር የወባ መድኃኒት ከሚሰጥ ሐኪም አይለይም።

ከውስጥ ወደ ውጭ በሚሄደው ወፍራም ቱቦ ላይ በረዶ ካዩ ማቀዝቀዙን ያጥፉ፤ ፋኑን ብቻ ለዚህ ጊዜ «ኦን» ያድርጉ። በረዶው እስኪቀልጥ ጥቂት ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። በቢላ ወይም በሹል ነገር አይፈልፍሉት፤ ኮይሉ ስስ ነው፣ ከተበሳ የሚወጣው ጋዝ ከአዲስ ፊልተር ብዙ እጥፍ ያስከፍልዎታል። በረዶው ሳይቀልጥ የመጣ ባለሙያም ትክክለኛ ልኬት ሊወስድ አይችልም፤ ቀድመው ካቀለጡት ለመመርመሪያ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ይድናሉ።

ውሃውን እንመልከት። ከማሽኑ ሥር ወለሉ ረጥቦ ከሆነ፣ ወይም ሁሉም ነገር ደህና መስሎ ማሽኑ ጭራሽ አልነሣም ካለ፣ የውሃ መውጫው ቱቦ ተደፍኖ ይሆናል። እርጥበትና ጨለማ ባለበት ቱቦ ውስጥ አልጌና አተላ ያድጋል። ብዙ ማሽኖች ትሪው ሲሞላ ሥራ የሚያስቆም ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ አላቸው፤ ቤትዎ እንዳይጥለቀለቅ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። ውጭ ያለውን የቱቦ ጫፍ ፈልገው፣ ውሃ በሚስብ ቫክዩም ከጫፉ ቢስቡት ድፍኑ ብዙ ጊዜ ይወጣል። ከዚያ በውስጥ በኩል ባለው ክፍት አፍ ጥቂት ኮምጣጤ ማፍሰስ ተመልሶ እንዳያድግ ይረዳል። በወበቃማ በጋ «ተበላሸ» ከሚባለው ኤሲ ውስጥ ቀላል የማይባለው የሚድነው በዚህ ነው። አንዳንዱ ሰው ለዚህ ሥራ መክፈል ይመርጣል፤ ነውር የለበትም፣ ምን እንደከፈለበት ካወቀ።

በመጨረሻ ወደ ደጅ ይውጡ። የውጭው ሳጥን በቅጠል፣ በሣር ብናኝ ወይም በጥድ ቁጥቋጦ ተከቦ ከሆነ ሙቀቱን የሚያፈስበት አጥቷል ማለት ነው። ኃይሉን በጎኑ ካለው መዝጊያ ያጥፉና በአትክልት ማጠጫ ቱቦ ረጋ አድርገው ይጠቡት፤ ግፊቱ የበዛ ማጠቢያ ስሶቹን ክንፎች ያጣምማል። ማሽኑ «ምምም» እያለ ፋኑ ካልዞረ ግን ይተውት፤ የዚህ ጥፋት ምንጭ ብዙ ጊዜ ካፓሲተር የሚባለው ትንሽ ቆርቆሮ መሰል ዕቃ ነው። ለሞተሮቹ ማስነሻና መሥሪያ ኃይል የሚያግዝ ሲሆን ሙቀት ይጎዳዋል፤ በሐምሌ የሚሞተውም ለዚህ ነው። ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ እንኳ ውስጡ ኃይል ይዞ ስለሚቆይ ሊያነዝር ይችላል። በዩቲዩብ አይቶ የሚቀይረው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ለተማሪዎቼ አልመክርም።

ይህን ሁሉ አይተው ካልሆነ ይደውሉ። ሲደውሉ «ኤሲው ሞተ» ብቻ አይበሉ። ፋኑ ቤት ውስጥ ይነፍሳል ወይ፣ የውጭው ሳጥን ይዞራል ወይ፣ በረዶ ወይም ውሃ አይተዋል ወይ፣ ብሬከር ወድቆ ነበር ወይ፣ ይህን ይንገሩ። ከውጭው ሳጥን ጎን ያለውን ሰሌዳ ፎቶ አንሥተው ይላኩ፤ የሞዴሉና የሴሪያል ቁጥሩ ዕድሜውን፣ የጋዙን ዓይነትና ዋስትናውን ይናገራል። ብዙ አምራቾች በወቅቱ ለተመዘገበ ማሽን ለኮምፕረሰርና ለዕቃዎች 10 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ፤ ካልተመዘገበ 5 ዓመት የሚሆንበት ጊዜ አለ። የሠራተኛው ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ ከዋስትናው ውጭ ነው። ደግሞም ለመምጣትና ለመመርመር ስንት እንደሚያስከፍሉ፣ ጥገናውን ካሠሩት ይህ ክፍያ ይቀነስ እንደሆነ፣ የማታና የቅዳሜ ዋጋ ይለይ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

ፈቃድ የሚባል ነገርም አለ። በሜሪላንድ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ ተቋራጭ በክልሉ መንግሥት ቦርድ፣ በቨርጂኒያም በሙያ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለበት፤ ስሙን በነጻ መፈለግ ይቻላል። ማቀዝቀዣ ጋዝ የሚነካ ሰው ደግሞ በአገሪቱ የንጹሕ አየር ሕግ ክፍል 608 መሠረት የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ጋዙን ሆን ብሎ ወደ አየር መልቀቅም ክልክል ነው። ከወገኖቻችን መካከል በዚህ ሙያ የተካኑ ብዙ አሉ፤ በአማርኛ የሚያስረዳ ባለሙያ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ይሉኝታችን ነው። የሰፈር ልጅ ነው፣ ቡና ጠጥቶ ነው የሚሄደው ብለን ደረሰኝ ሳንጠይቅ፣ ፈቃዱን ሳናይ እናሠራለን። በኋላ ሲበላሽ ደግሞ ወዳጅነቱም ኤሲውም አብረው ይሄዳሉ። «የእኔ ወንድም፣ የ608 ወረቀትህን አሳየኝ፤ ደረሰኝም ጻፍልኝ» ቢሉት ቅር የሚለው ባለሙያ ከሆነ ያ ራሱ መልስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ትምህርት ደረስን። ባለሙያው መጥቶ መለኪያውን አገናኝቶ «ጋዝ ጎድሏል፣ ልሙላ?» ቢልዎ ምን ይላሉ?

መጀመሪያ «ምን ለካህ?» ይበሉ። በጥሩ ምርመራ አራት ነገር ይታያል። ወደ ማሽኑ የሚገባው አየርና የሚወጣው አየር የሙቀት ልዩነት ይለካል፤ በተለመደ ሁኔታ ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ፋራናይት ያህል ነው። ቤቱ በጣም እርጥብ ከሆነ ማሽኑ አቅሙን ውሃ በማውጣት ላይ ስለሚያውል ልዩነቱ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ይህ ብቻውን ብልሽት አይደለም። ከዚያ የጋዙ ሁለት ግፊቶች ይለካሉ። ቀጥሎም «ሱፐርሂት» እና «ሰብኩሊንግ» የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች ይሰላሉ። የመጀመሪያው ጋዙ ከተነነ በኋላ ስንት ዲግሪ እንደሞቀ፣ ሁለተኛው ፈሳሽ ከሆነ በኋላ ስንት ዲግሪ እንደቀዘቀዘ ይናገራል። ሱፐርሂቱ ከፍ ብሎ ሰብኩሊንጉ ዝቅ ካለ ጋዝ ጎድሏል የሚያሰኝ ማስረጃ አለ። ብዙ ማሽኖች ላይ የሚፈለገው የሰብኩሊንግ ቁጥር በሰሌዳው ላይ ተጽፏል፤ የተለካውንና የተጻፈውን ጎን ለጎን ማሳየት ለባለሙያው የደቂቃ ሥራ ነው። አንዱን ግፊት ብቻ አይቶ፣ ቱቦውን በእጁ ነክቶ «ጎድሏል» ማለት ግን ግምት ነው።

ቀጥሎ «በየት በኩል ወጣ?» ይበሉ። ጋዙ ከኮምፕረሰር ዘይት ጋር ስለሚዞር ባፈሰሰበት ቦታ ብዙ ጊዜ የዘይት እድፍ ይተዋል። ባለሙያው በኤሌክትሮኒክ መፈለጊያ፣ በሳሙና አረፋ፣ ወይም ናይትሮጅን ሞልቶ ግፊቱ መውረዱን በማየት ይፈልገዋል። አንዳንዴ የሚያፈሰው የመለኪያ መግጠሚያዋ ትንሽ ቫልቭ ትሆናለች፤ ርካሽ ጥገና ነው። አንዳንዴ የውስጡ ኮይል ራሱ ይሆናል፤ ይህ ውድ ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን ጋዝ መሙላት ቢበዛ ጊዜ መግዣ ነው። ቤት ውስጥ ሕፃን ወይም አዛውንት ኖሮ ውጭው 98 ዲግሪ ሆኖ ዕቃው እስኪመጣ ሳምንት የሚጠበቅ ከሆነ ጊዜ መግዛትም ብልህነት ነው፤ አልቃወምም። ግን ጊዜ እንደገዙ ይወቁ፤ «ተጠገነ» ተብለው አይክፈሉ።

ቱቦው ተከፍቶ ከተበየደ በኋላ ደግሞ ጋዝ ከመሞላቱ በፊት ውስጡ ያለው አየርና እርጥበት በፓምፕ መውጣት አለበት፤ የሙያው ልማድ 500 ማይክሮን ወይም ከዚያ በታች እስኪደርስ ነው። ውስጥ የቀረ ውሃ ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ አሲድ ይሆናል፣ ኮምፕረሰሩንም ይበላዋል። ከዚያም ጋዙ በሚዛን ተመዝኖ ይሞላል፤ ስንት ፓውንድና አውንስ እንደገባ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ።

ካፓሲተር ነው ከተባለ ፈተናው ይቀላል። ዕቃው ላይ አቅሙ በማይክሮፋራድ ተጽፏል፤ በአብዛኛው ከተጻፈው 6 በመቶ በላይ ዝቅ ካለ መቀየር አለበት። 45 የሚል ተጽፎበት መለኪያው 38 ካለ ክርክር የለም። ዕቃው ራሱ ርካሽ ነው፤ የሚከፍሉት ለእውቀቱና ለመምጣቱ ነው፤ ያም ተገቢ ነው። ተገቢ የማይሆነው ካፓሲተሩ ሳይለካ «ኮምፕረሰሩ ሞቷል፣ ሙሉውን ቀይር» ሲባሉ ነው። የሁለቱ ምልክት ከሩቅ ይመሳሰላል፤ የዋጋቸው ልዩነት ግን ከመቶዎች እስከ ሺዎች ዶላር ነው።

ስለ ጋዝ ዓይነት አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር እናጥራ። አሮጌ ማሽኖች የሚጠቀሙበት አር-22 የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በአሜሪካ መመረቱና መግባቱ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ቆሟል፤ ያለው ተሰብስቦ የተጣራ ወይም የቀድሞ ክምችት ስለሆነ ውድ ነው። እሱን የተካው አር-410ኤ ኦዞን አይጎዳም፤ ነገር ግን ኃይለኛ ሙቀት አማቂ ጋዝ ነው። በ2016 በኪጋሊ የተደረሰው ዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲህ ያሉ ጋዞች ቀስ በቀስ እንዲቀነሱ ወሰነ። አሜሪካ ውስጥም ከ2025 ጀምሮ አዲስ የሚመረቱ የቤት ማሽኖች አር-32 ወይም አር-454ቢ ወደሚባሉ ጋዞች ዞረዋል። አንዳንድ ሻጭ ይህን ይዞ «ጋዝህ ተከልክሏል፣ ማሽኑን መጣል አለብህ» ይላል። ሐሰት ነው። የአር-410ኤ ማሽን መጠቀምም መጠገንም ይቻላል፤ ለጥገና የሚሆን ጋዝም ይሸጣል። የማይቻለው አዲሱን ጋዝ አሮጌው ማሽን ውስጥ መጨመር ነው። አዲሶቹ ጋዞች በመጠኑ ተቀጣጣይ ናቸው፤ ለነሱ የተሠራ መሣሪያ ይፈልጋሉ።

እንግዲህ መቼ ይጠገናል፣ መቼ ይቀየራል? ማሽኑ አር-22 የሚጠቀም ሆኖ ኮይሉ ካፈሰሰ እኔ ይቀየር እላለሁ። ከ15 ዓመት በላይ ሆኖት ኮምፕረሰሩ ከሞተም እንዲሁ። በቀረው ሁሉ ጥገና ይቀድማል፤ ቢያንስ ሁለተኛ ሰው ሳያየው አይፈርሙ። ከቀየሩ ደግሞ «ትልቅ ይሁንልኝ» አይበሉ። የኤሲ አቅም በቶን ይለካል፤ አንድ ቶን በሰዓት 12,000 ቢቲዩ ነው፤ ስሙ የመጣው አንድ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ሲቀልጥ ከሚወስደው ሙቀት ነው። ከቤቱ የሚበልጥ ማሽን አየሩን በጥቂት ደቂቃ አቀዝቅዞ ይቆማል፤ ውሃውን ለማውጣት ግን ጊዜ አላገኘም። ቤቱ ቀዝቃዛና እርጥበት ያለበት ይሆናል፤ ሻጋታም ይከተላል። ስለዚህ ሻጩ ቤትዎን ለክቶ፣ መስኮቱንና የጣሪያውን ሽፋን አይቶ በ«ማኑዋል ጄ» ስሌት መጠኑን እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። አሮጌውን ሰሌዳ አንብቦ ያንኑ የሚያዝዝ ሻጭ የቀድሞውን ሰው ስሕተት ሊደግም ይችላል።

ጥገናው እስኪያልቅ መጋረጃውን በቀን ይዝጉ፣ ምድጃውን ያሳርፉ፤ የዶሮ ወጡ ይቆይ። ቤዝመንት ካለ አዛውንቶችን እዚያ ያውርዱ። ከአገር ቤት የመጡ እናት ወይም አባት ካሉ «አልሞቀኝም» ቢሉም አይመኑ፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ጥማቱም ላቡም ይቀንሳል። የክፍሉ ሙቀት ከ95 ዲግሪ ፋራናይት ካለፈ ፋን ብቻውን አያድንም፤ ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ገበያ ማዕከል ወይም ወደ ዘመድ ቤት ይውሰዷቸው። ግራ መጋባትና መንተባተብ ከታየ 911 ነው የሚደወለው።

ተከራይ ከሆኑ ደግሞ ከላይ ካልኩት አብዛኛው የአከራዩ ሥራ ነው። ብልሽቱን በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የክፍሉን ሙቀት የሚያሳይ ፎቶም ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ያስቀምጡ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሕግ በብዙ የኪራይ ቤቶች ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 አከራዩ ኤሲ እንዲያቀርብና የቤቱ ሙቀት ከ80 ዲግሪ ፋራናይት እንዳይበልጥ አድርጎ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። አከራዩ ካልጠገነ 311 ደውለው ለካውንቲው የቤቶች መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላሉ።